አባዬ እንቁላል የጠበሰበት እሁድ

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ አባዬና እማዬ ከእኔ ተደብቀው ጨዋታ የሚጫወቱ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚያቃስት አሮጌ የቀበሌ ቤት። አባዬ ዘርዓብሩክ ይባላል፤ ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ ወርቅ ሠሪ ነበር። እማዬ ምኞት ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሜሉ ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ቆይቼ ውሃ ልጠጣ ስገባ፣ አባዬ ማድቤት ምድጃው ፊት ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ በእማዬ ሰማያዊ ሻርፕ ታስሯል። እማዬ ከጀርባው ቆማለች።

"ስኒው በግራህ በኩል ነው" አለችው ቀስ ብላ።

አባዬ በግራ እጁ ስኒውን ዳሰሰ። በቀኙ የያዘውን እንቁላል ጠርዙ ላይ መታው። ግማሹ ስኒው ውስጥ ገባ፤ ግማሹ በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እማዬ ሳቋን ለማፈን አፏን ስትይዝ ሰምቷት ኖሮ እሱም ሳቀ።

"እኔም ልጫወት" አልኳቸው በሩ ላይ ሆኜ።

አባዬ ሻርፑን ፈታና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑን እያርገበገበ ትንሽ ከፈለገኝ በኋላ አገኘኝ።

"ይሄ የትልቅ ሰው ጨዋታ ነው" አለኝ። "ዓይን ጨፍኖ እንቁላል መጥበስ ይባላል።"

"ያሸነፈ ምን ያገኛል?"

"ምሳ" አለች እማዬ፤ ጠረጴዛውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።

ለብዙ ዓመት ያንን ቅዳሜ የማስታውሰው እንደ ጨዋታ ነበር። እናቴ ነገሩን በወጉ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ የዓይን ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጦ ነግሯቸው ነበር። አባቴ የሚያየው ነገር ከዳር ከዳር እየጠበበ የመጣው ከሥራ ድካም አልነበረም፤ መነጽርም መድኃኒትም አይመልሰውም። ያኔ የሚያየው የቁልፍ ቀዳዳ በምታህል ክፍተት ነበር፤ እሷም መዘጋቷ አይቀርም፤ መቼ እንደምትዘጋ ግን ሐኪሙም አያውቅም። ከሐኪም ቤት ወጥተው ታክሲ ሲጠብቁ እናቴ አላለቀሰችም።

"መጀመሪያ የመጣብኝ ያንቺ ምሳ ነው" አለችኝ። "እኔ ቢሮ እውላለሁ። አንቺ ከትምህርት ቤት ርቦሽ ትመጫለሽ። እሱ ቤት መዋሉ ነው። ምን ሠርቶ ያበላሻል? ብዬ አሰብኩና እንቁላል አልኩ። እንቁላል ቀላል ነው።"

ያኔ ይህን ማን ነግሮኝ። በጨዋታው አታስገቡኝም ብዬ ሳኮርፍ አባዬ ዳኛ አደረገኝ። ዳኛ ማለት ትልቅ ሹመት ነበር። ምድጃው አጠገብ አይደርስም፤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ስኒው ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት ከገባ "ቅርፊት" ብሎ ይጮኻል። ጥብሱ ካረረም ጨው ከበዛም ይናገራል።

ሕጉን ያወጣችው እማዬ ነች። እንቁላል በቀጥታ መጥበሻው ላይ አይሰበርም፤ መጀመሪያ ስኒ ውስጥ ይሰበርና ይሸተታል። የመጥበሻው እጀታ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ጨው በማንኪያ ሳይሆን በመዳፍ ላይ ይለካል። ዘይቱ መሞቁን ለማወቅ አባዬ አንዲት ቅንጣት ሽንኩርት ይጥልበትና ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ሽንኩርቷ ዝም ካለች ይጠብቃል፤ ቸስ ካለች የቀረውን ይጨምራል። ቲማቲሙ ሲገባ ድምፁ ይወፍራል። ውሃውን ሲጨርስ እንደገና ይቀጥናል፤ እንቁላሉ የሚገባው ያኔ ነው። እኔም በርጩማዬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አብሬው አዳምጥ ነበር።

የማይገባኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሰሞን አባዬ ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ብርሃኑ ወዳለበት ይወስደኝና ፊት ለፊቱ ያቆመኛል። ከዚያ ያየኛል። ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ። አንገቱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያደረገ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አገጬን በየተራ ያያል። እኔ ከቁም ሳጥን ውስጥ ስኳር እየሰረቅሁ እልስ ስለነበር ከንፈሬ ላይ የሚፈልገው ስኳሩን ይመስለኝና በምላሴ እጠርገው ነበር። አንድ ቀን ጨንቆኝ "አልሰረቅሁም" አልኩት።

"ምኑን?" አለኝ።

"ምንም።"

"እሺ። አትንቀሳቀሺ ብቻ" አለኝና ማየቱን ቀጠለ። ዛሬ እኔም ልጅ አለኝ፤ እያየ የነበረውን ለማወቅ የማንንም ማብራሪያ አልፈልግም።

አባዬ የሚሠራበት ወርቅ ቤት ሰዎች በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው አንድ እሁድ በአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ረፋድ ላይ አብረው ይበላሉ። ብዙ አይደሉም። ባለቤቱ ጋሽ ከተማ አሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው ቅመምና ቃሪያ አይነኩም። ባንኮኒው ላይ ቆማ የምትሸጠው ፍዮሪ አለች፤ ወጣት ነች፤ ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማል። ጋሽ ሙኒር ደግሞ ከአባዬ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚሠራ ወርቅ ሠሪ ነው፤ አባዬ ከእናቱ ልጅ የማይለየው ጓደኛው። ሙኒር ሙስሊም ስለሆነ እኛ ያረድነውን አይበላም፤ እነ አባዬም እሱ ያረደውን አይበሉም። ስለዚህ የዚያ እሁድ ምግብ ሁልጊዜ እንቁላል ነበር። "እንቁላል ባርኮ የሚያርደው ሰው አይፈልግም" ይል ነበር አባዬ። እቤታችን ለጋሽ ሙኒር ብቻ የሚወጣ፣ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ መጥበሻ ቁም ሳጥን ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

የዚያ ዓመት ተረኞቹ እኛ ነበርን። አባዬ ምግቡን እኔ ነኝ የምሠራው አለ። ሁሉንም፣ ብቻዬን።

ግብዣው ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በረንዳው ሥር አሻንጉሊቴን እያጠብኩ ከላይ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ለጋሽ ከተማ ዛሬውኑ ንገራቸው" አለች እማዬ። "ባለፈው ሳምንት እጅጌህን ያቃጠለው ምንድን ነው? የጋዙ እሳት አይደለም? አጠገብህ ደግሞ አሲድ አለ።"

"እጅጌ ነው የተቃጠለው።"

"ነገስ? ሙኒር አጠገብህ ነው የሚቀመጠው። እሱን ብታቃጥለውስ?"

የተቃጠለው ሸሚዝ የትኛው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

"ሰኞ እነግራቸዋለሁ" አለ አባዬ። "እሁድ ቤቴ ይምጡ፤ የሠራሁትን ይብሉ፤ ስቀው ይሂዱ። ከዚያ ሰኞ።"

"ምን ለውጥ አለው?"

"ከነገርኳቸው በኋላ ከበሉማ እዝን ነው የሚሆነው።"

እዝን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ሲሞት ጎረቤት ለቅሶ ቤት ይዞ የሚሄደው ምግብ ነው። ማን እንደሞተ ግን አልገባኝም። ስወጣ ስገባ የሁለቱንም ፊት አየሁ፤ ጥቁር የለበሰ የለም። ስለዚህ ተውኩት። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ እሁድ መነገር የሌለበት ምስጢር አለ። እሱም፣ በእኔ ቤት፣ ምግቡን የሚሠራው አባዬ መሆኑ ነበር።

ቅዳሜ አባዬና እኔ አትክልት ተራ ሄድን። ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያና በካርቶን የተደረደረ እንቁላል ገዛን። ጭቃ ነበር፤ ተሸካሚዎች "ዞር በል! ዞር በል!" እያሉ ጎመን የተቆለለበት ጋሪ ይገፋሉ። አባዬ እጄን እስኪያመኝ ጨብጦ ይዞታል። እንዳልጠፋበት ነው ብዬ ኮራሁ። ጉድጓድ ስናገኝ "እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ" እለዋለሁ፤ "ጎበዝ" ይለኛል። የቲማቲሙን መብሰል በአውራ ጣቱ እየነካ መረጠ። ስንመለስ ካርቶኑን ለእኔ አላሸከመኝም፤ ደረቱ ላይ አቅፎት ነው ዳገቱን የወጣው። አንዲትም አልተሰበረችም።

እሁድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን በጊዜ ተመለሰች። አባዬ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ጀምሮ ነበር። ድንቹ ተቀቅሏል፤ ቀይ ሽንኩርቱ ተከትፎ በሳህን ተቀምጧል፤ ያልተስተካከለ ከመሆኑ በቀር ጥሩ ነበር። ያን ቀን ሻርፕ አላሰረም። "እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል" አለኝ። "ግን እጨፍናለሁ። ቃል ነው።" በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ። እንዳያጭበረብር ዓይኑን እያየሁ ነበር፤ እውነትም ጨፍኗል።

እማዬ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋለች። ምንም አልረዳችውም። አባዬ ማንኪያ ፈልጎ ጠረጴዛውን ሲዳብስ ማንኪያው አፍንጫው ሥር ነበር፤ አልሰጠችውም። ዘይት ተፈናጥቆ ክንዱ ላይ ሲያርፍበት አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች።

"ተይ" አላት ዞር ሳይል።

ቆመች። ከጀርባዋ የደበቀችው ነገር ስጦታ መሰለኝና ከበርጩማዬ ወርጄ ዞሬ አየሁ። ምንም የለም። የግራ እጇ የቀኝ እጇን አንጓ ይዟል፤ አያያዟ ጠንካራ ስለነበር ጣቶቿ ነጥተዋል። ባዶ እጅ ይደበቃል እንዴ ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ኦምሌት ሲገለበጥ ከመጥበሻው አልፎ መሬት ወደቀ። አባዬ መጥበሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"የት ወደቀ?" አለ።

"እግርህ ጋ" አልኩት። "አንድ ነጥብ ተቀንሶብሃል።"

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ያለቀሰ መሰለኝ፤ እየሳቀ ነበር። እማዬም እየሳቀች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ ኦምሌቱን ከመሬት አነሳች። ያን ብቻ ፈቀደላት።

እንግዶቹ ረፋዱ ላይ አብረው መጡ። ፍዮሪ ገና ትኩስ የሆነ የዳቦ ቤት ዳቦ በፌስታል ይዛለች። ጋሽ ሙኒር ለእኔ ከረሜላ አምጥቷል። ጋሽ ከተማ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ፤ ትንሽ ቆይተው ለመሄድ ያሰቡ ይመስሉ ነበር።

"ኮትዎን ይስጡኝ፣ ጋሽ ከተማ" አለች እማዬ።

"ይሁን፣ ይሁን። ብርድ ይዞኛል።"

እማዬ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አመላለሰች። በሽንኩርትና በቲማቲም የተፈረፈረው እንቁላል ቃሪያው በላዩ አረንጓዴ ሆኖ ገባ። በጋሽ ሙኒር መጥበሻ የተጠበሰው ድንች በእንቁላል ከነመጥበሻው ቀረበ። የተቀቀለው እንቁላል ለሁለት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሚጥሚጣው በጎን ሆኖ መጣ። ለጋሽ ከተማ ብቻ ምንም ያልገባበት፣ ቢጫው የጠራ ኦምሌት ቀረበላቸው። ዳቦው ሲቆረስ እንፋሎቱ ወጣ። ሁሉም እጃቸውን ሰደዱ።

መጀመሪያ ብዙም አላወሩም። ፍዮሪ ብቻ ፍርፍሩን በዳቦ እየዛቀች "ጥዑም" ትላለች፤ ደስ ሲላት ትግርኛዋ ይቀድማታል። እኔ የሁሉንም አፍ በየተራ አያለሁ። ጋሽ ሙኒር ጎረሰ፤ ደገመ። ጋሽ ከተማ ኦምሌታቸውን በሹካ እየቆረሱ በዝግታ ይበላሉ። አባዬ ቆሞ ሻይ ይቀዳል፤ የሌባ ጣቱን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አንጠልጥሎ።

"ምኞት፣ እጅሽ ይባረክ" አሉ ጋሽ ከተማ። "ሆዴን ሳያቃጥለኝ እንቁላል ከበላሁ ስንት ጊዜዬ።"

እማዬ አንገቷን ደፋች። አባዬን አየሁት፤ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ አለ፤ ግን አይናገርም። ያሸነፈ ሰው ዝም ሲል፣ ዳኛው ካልተናገረ ማን ይናገራል?

"እሷ አይደለችም የሠራችው" አልኩ። "አባዬ ነው። ሁሉንም።"

ፍዮሪ ሳቀች። "ጋሽ ዘርዑ? ሙያ ነበረህ ለካ!"

"ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው" አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ሲዞሩ ብድግ አልኩ። "አንዴም ሳያይ። እማዬ በሻርፕ ታስረዋለች። መጀመሪያ ይደፋ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኦምሌት ብቻ ነው የወደቀበት። አሸንፏል።"

ጭብጨባ ነበር የጠበቅሁት። የፍዮሪ ሳቅ ግን መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ጋሽ ከተማ ሹካቸውን ሳህኑ ላይ አኖሩ። ብርጭቆው ሞልቶ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ አባዬ ጣቱ እየተቃጠለ ማንቆርቆሪያውን አላነሳም። እማዬ መጥታ ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ወሰደችው። አልከለከላትም።

በመጀመሪያ የተናገረው ጋሽ ሙኒር ነው። ሳህኑን ወደ አባዬ ገፋ አደረገ።

"ዘርዑ" አለ፣ "ድንች ካለበት ጨምርልኝ።"

አባዬ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስሄደ፤ ሳህኑን አገኘው። መጥበሻውን አገኘ። ማንኪያውን አገኘ። ጨለፈና ጨመረለት። ጥቂት ድንች ገበታው ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ፤ ጋሽ ሙኒር በጣቱ ለቅሞ በላው።

"መቼ ነው የጀመረህ?" አሉ ጋሽ ከተማ።

"ሁለት ዓመት አለፈው" አለ አባዬ። "መጀመሪያ ሲመሽ ብቻ ነበር። ቀኑም ተከተለ።"

"ሐኪም ምን አለ?"

"ተስፋ የለውም አለ።" አባዬ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። "ሰኞ ልነግርዎ ነበር። እውነቴን ነው። ዛሬ ቤቴ እንዲበሉልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።"

ጋሽ ከተማ ቆመው ኮታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው ወንበራቸው ላይ ሰቀሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ኦምሌቱን እስከ መጨረሻው በሉት። ሲበሉ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር።

"ቃሪያው ነው" አሉ፤ መሀረባቸውን አወጡ።

የእሳቸው ላይ ቃሪያ የለም ልል አፌን ስከፍት የእማዬ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ሰዓት ቆዩ። ፍዮሪ ሻዩን ቀዳች። ጋሽ ሙኒር የወርቅ ቤት ቀልድ አወራ፤ ሳቁ። ሲሄዱ እያንዳንዳቸው አባዬን አቅፈው ሳሙት። ሁሉም ሳህን ባዶ ነበር። ጨዋታውን ስላሸነፈ ነው ብዬ እኔም ሳምኩት። ሰኞ አባዬ ወርቅ ቤት ሄዶ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ለሥራ አልሄደም።

ብዙ ዓመት ሙሉ ይህን እሁድ ሳስበው፣ የአባቴን ምስጢር እንግዶቹ ፊት ያፈነዳሁት እኔ ነኝ እል ነበር። ይህንን ያቀናልኝ ጋሽ ሙኒር ነው። ሰፈራችን ሲፈርስና ወደ ገላን ስንዛወር ዕቃ ሊያግዝ መጣ። ሸምግሏል፤ ማገዝ ቢያቅተው በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን ያዝዝ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና ያን እሁድ አነሳሁበት።

"ምን ያፈነዳሽው ነገር አለ?" አለኝ። "እኔ ካወቅሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። አባትሽ ምሳ ሲወጣ የበየደውን ሰንሰለት አነሳና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ያልያዘውን እንደገና እበይዳለሁ። ሲመለስ ቦታው ላይ ያገኘዋል።"

"ጋሽ ከተማስ?"

"እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቀጭን ሥራ ከሰጡት ቆይተዋል። ፍዮሪም ታውቃለች። የዚያን ቀን ጋሽ ከተማ 'ዛሬ ሥራ ተው እለዋለሁ፤ እሳት ይዞ አደጋ ላይ ነው' ብለው ነበር ከቤታቸው የወጡት። ኮታቸውን ያላወለቁት ለዚያ ነው። ኦምሌቱ ቀረበና አቃታቸው።" ፍራሹን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ሁላችንም እየበላን ማን እንደሚጀምር ነበር የምንጠብቀው። አንቺ ጀመርሽው። እኔማ ያን ቀን ላንቺ ነው ዱዓ ያደረግሁት።"

ከዚያ እሁድ በኋላ ያለው ጊዜ ግን እንደ እሁዱ አልነበረም። የአባዬ የቁልፍ ቀዳዳ የዚያን ዓመት ክረምት ተዘጋ። ምሳዬን ይሠራል፤ ሕጉን አልረሳም፤ አያርርበትም። ዳኛም አያስፈልገውም። ከመጥበሻው ውጪ ግን ዝም ያለ ሰው ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመጣ በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ አገኘዋለሁ። ስለ ፈተናዬ ስነግረው "ጥሩ ነው" ይላል፤ ይኼው ነው። ፊቴን ማየት ስላቆመ ተጣልቶኛል ብዬ አሰብኩ። ምን እንዳጠፋሁ ስፈልግ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ እኔም አኮረፍኩት፤ ምሳዬን በልቼ ሳህኔን አስቀምጬ እወጣለሁ። እማዬ ከሥራ ስትመለስ አንደኛችን በረንዳ፣ አንደኛችን ጓዳ ሆነን ታገኘናለች።

አባዬን ከዚያ ዝምታ ያወጣችው ፍዮሪ ናት። አንድ ቅዳሜ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ይዛ መጣች፤ የአክስቷ ባል ዘመድ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ የሚያገናኝ ሠራተኛ ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ ጀምሮ በነጭ ዘንጉ እየመራ ያመጣት እሱ እንደሆነ ፍዮሪ እየሳቀች ተናገረች። አባዬ መጀመሪያ ቀን አልወደደውም። "ስብከት አልፈልግም" ብሎ ገባ። ሰውየው ግን ሳይቀየም በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ ከዚያም መጣ። በጣት የሚነበበውን ፊደል አስተማረው። በዘንግ መሄድ አስተማረው። እያየሁት አባዬ ደረጃውን ወረደ፤ በሩን አለፈ፤ አስፋልቱ ድረስ ሄደ። አንድ ዓመት ፈጀ። ከዚያ አባዬ ስልጠና ገባና አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ።

እኔና እሱ ግን ገና አልታረቅንም ነበር። እሱ መጣላታችንን እንኳ አያውቅም፤ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ።

ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ያላቸው እትዬ ሓዳስ ጋ ገባሁ። ስልክ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እማዬ ቁጥሩን በቃሌ አስጠንታኛለች፤ ለችግር ብቻ ነው ብላኛለች።

"ምን ችግር ገጠመሽ?" አሉኝ እትዬ ሓዳስ።

ፊቴን አዩና ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ጠራ። ከዚያ ተነሳ።

"ጤና ይስጥልኝ፤ ማንን ላገናኝ?"

ድምፁን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ቀጥ ያለ ነው፤ ሞቅ ያለ ነው። በረንዳው ላይ የሚቀመጠው ሰው ድምፅ አይደለም። ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ወርቅ ቤት ሲሠራ፣ ደንበኛ ሲያናግር የሰማሁት ድምፅ ነው።

"ሃሎ? ማንን ላገናኝ?"

"አባቴን" አልኩ።

መስመሩ ላይ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። እትዬ ሓዳስ ስኳር መስፈር ጀመሩ፤ የሚገዛ ሰው ግን አልነበረም።

"አባትሽ ማን ይባላል?" አለኝ። ድምፁ ትንሽ ወርዷል።

"ዘርዓብሩክ።"

"ሥራ ላይ ነው" አለኝ። "ምን ፈልገሽው ነበር?"

ለምን ተጣላኸኝ ልለው ነበር የገባሁት፤ ያን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ ግን አልወጣልኝም።

"ምንም" አልኩ። "ላወራው ነው።"

ያኔ ከወዲያ በኩል ሌላ ስልክ ጮኸ፤ ሌላም ተከተለ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጠራው መሰለኝ። አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ሜሉ" አለኝ፣ "ሰዎች እየጠበቁኝ ነው። አሁን አገናኛቸውና እመለሳለሁ። እንዳትዘጊው።"

በሁለት እጄ ይዤው ቆየሁ።